የወደቀ ዛፍ እንደ ተወጠረ ቀስት ነው
ከነፋስና ከበረዶ ዝናብ በኋላ ዛፍን በጥንቃቄ ስለ ማንሣት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ነጋዴ ከገንዘቡ ቀጥሎ አጥብቆ የሚቈጥረው ጊዜውን ነው። ጭነት የያዘ መኪና በመንገድ ቆሞ ሲያድር፣ መጋዘን ተዘግቶ ሲውል፣ ደንበኛም በሩ ተዘግቶበት ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ በሌሊት ነፋስ የወደቀ ባሕር ዛፍ በሱቁ ደጃፍ ወይም በመጋዘኑ መግቢያ ላይ ተጋድሞ ያገኘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «ቶሎ አንሡልኝ» የሚለው ነው። ይህም ቃል ምክንያት ያለው ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ከነፋሱ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ይኸው ችኮላ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ የወደቀ ዛፍ ምን ዐይነት አደጋ ይዞ እንደሚተኛ፣ በምን ሥርዓት እንደሚነሣና አሠሪው ነጋዴ በዚህ ሥራ ላይ ምን ኀላፊነት እንዳለበት ማስረዳት ነው።

1ኛ፤ ስለ ዛፉና ስለ ስፍራው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ በአካባቢዋ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ አለቀ። የእንጨቱም ችግር እጅግ በመጽናቱ የመንግሥቱን መቀመጫ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ችግሩን ያቃለለው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ የሆነው ይህ ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግና ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቈጠቍጥ እንጦጦንና የከተማይቱን ዙሪያ ሁሉ አለበሰ።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የአዲስ አበባ ሦስት በሮች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሱሉልታ በኩል የጎጃም መንገድ፣ በቡራዩ በኩል የአምቦና የወለጋ መንገድ፣ በሰበታ በኩል ደግሞ የወሊሶና የጅማ መንገድ ያልፋል። እህሉ፣ ቡናውና ከብቱ በእነዚህ በሮች ይገባል፤ ከውጭ አገር የመጣው ዕቃም በእነርሱ በኩል ወደ ክፍላተ ሀገር ይወጣል። በነዚሁ መንገዶች ግራና ቀኝ በብዙ ስፍራ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ ይታያል። ስለዚህ አንድ ዛፍ በመንገድ ላይ ቢወድቅ ጕዳዩ የባለ ዛፉ ብቻ ሳይሆን ከጅማ ቡና የሚጠብቀው የላኪውም፣ ዕቃ የጫነው የአስመጪውም፣ የባለ ሱቁም ጕዳይ ይሆናል።

ባሕር ዛፍ ለመውደቅ የሚዳረግበት ምክንያት ብዙ ነው። አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ስለማያራግፍ የነፋሱ ኀይል ሁልጊዜ ሙሉ ራሱን ያገኘዋል፤ ዝናብና በረዶ ሲጨመርበትም ራሱ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ በክረምት አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ስለሚላላ ሥሩ የሚይዘው ያጣል፤ ይህም ይልቁንም ውሃ በሚተኛበት ሜዳ፣ ለምሳሌ በሱሉልታ ረባዳ መሬት፣ የሚያሰጋ ነው። ሦስተኛ፣ ከቀድሞ ጉቶ ላይ ያቈጠቈጠ ዛፍ ከጉቶው ጋር ያለው መያያዣ እንደ መጀመሪያው ግንድ የጠነከረ ስላልሆነ በነፋስ ጊዜ ከመጋጠሚያው ይገነጠላል። አራተኛ፣ ለመንገድ፣ ለቤት መሠረት ወይም ለውሃ ቧንቧ ሲቈፈር የአንድ ወገን ሥሩ የተቈረጠበት ዛፍ ሌላው ሳያውቀው ለመውደቅ ተዘጋጅቶ የቆመ ነው።

2ኛ፤ ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በብርድ አገሮች ዛፍን የሚጥለው ሌላ ነገር ነው። የሚወርደው ዝናብ ቅርንጫፉን ሲነካ ወዲያው ወደ በረዶነት እየተለወጠ ዛፉንና የኤሌክትሪኩን ሽቦ እንደ መስተዋት ይለብጠዋል፤ ክብደቱም ሲበዛ ግንዱ ይሰበራል። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ 1990 ዓ.ም. በምሥራቅ ካናዳና በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል የወረደው እንዲህ ያለው በረዶ ከሚሊዮን የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ጥሎ ነበር። በጥር መባቻ 1997 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ስዊድን የተነሣው ጉድሩን የተባለው ዐውሎ ነፋስ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት በአንድ ሌሊት ጣለ። በዐውሎ ነፋሱ ጊዜ 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ የወደቀውን ዛፍ በመቍረጥና በማንሣት ሥራ ላይ ሕይወታቸውን ያጡት ደግሞ ከዚህ ቍጥር ያነሱ አልነበሩም። ስዊድኖች በእንጨት ሥራ የሠለጠኑ፣ መሣሪያቸውም የተሟላ ሕዝብ ናቸው። የሠለጠነውን እንዲህ ያደረገ ሥራ በመጥረቢያና በገመድ ብቻ የሚሰማራውን የቀን ሠራተኛ እንዴት ያደርገው ይሆን? ብሎ ማሰብ ይገባል።

በእኛ ደጋ ምንም እንኳ እንደዚያ ያለ በረዶ ባይለብጠን፣ የበልግና የክረምት ነፋስ ከበረዶ ዝናብ ጋር የሚጥለው ዛፍ ግን የሚታዘዘው በዚያው የተፈጥሮ ሕግ ነው።

3ኛ፤ እጅ ከመንካቱ በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

ነፋሱ ጨርሶ ሳይቆምና ሳይነጋ ሥራ መጀመር አይገባም። ሲነጋም የሚቀድመው መጥረቢያው ሳይሆን ዐይን ነው። ከሩቅ ሆኖ ዛፉን በዙሪያው ማየት፣ ቀጥሎም ወደ ላይ መመልከት ያስፈልጋል። ተሰብሮ በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቅርንጫፍ በማናቸውም ጊዜ ሊወርድ ስለሚችል ከሥሩ ሊሠራ ቀርቶ ሊታለፍም አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «የኤሌክትሪክ ሽቦ አለበትን?» የሚለው ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኀይል 220 ቮልት ነው፤ በመንገድ ዳር ወደ ትራንስፎርመር የሚሄደው መስመር ግን 15,000 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር የሚጠቀምበት ሽቦ ደግሞ 25,000 ቮልት የተሸከመ ነው። እርጥብ ግንድ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ እርጥብ መሬትም እንደዚሁ። መብራት መጥፋቱም ማስረጃ አይሆንም፤ መስመሩ ሳይታሰብ ተመልሶ ሊበራ ይችላልና። ስለዚህ ሽቦ የነካውን ዛፍ ማንም ሰው አይንካ፤ ቢያንስ 10 ሜትር ያህል ርቆ ሕዝቡን ይከልክል፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውል። ሠራተኞቹ መጥተው ኀይሉ መቋረጡን በቃላቸው እስኪያረጋግጡ ድረስም ይጠብቅ። በወደቀ ሽቦ አጠገብ ራሱን ያገኘ ሰው እግሮቹን ሳያነሣና ሳያራርቅ እየጎተተ በትንሽ በትንሹ ይራቅ፤ ሽቦ የወደቀበት መኪና ውስጥ ያለ ሾፌርም እሳት ካልተነሣ በቀር ከመኪናው አይውረድ።

ዛፉ የወደቀው በመንገድ ላይ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ ራቅ ብሎ አስጠንቃቂ ሰውና የሦስት ማዕዘን ምልክት ማቆም፣ ለትራፊክ ፖሊስና ለከተማው አስተዳደርም ማስታወቅ ከሥራው በፊት የሚፈጸም ግዴታ ነው።

4ኛ፤ በግንዱ ውስጥ ስለ ተደበቀው ኀይል

አሁን ወደ ትምህርቱ ዋና ነጥብ ደርሰናል። ቆሞ የነበረ ዛፍ ሲወድቅ ሞቶ የተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፉ በአጥር ላይ፣ ሌላው በሥሩ ላይ፣ መካከሉም በአየር ላይ ሆኖ እንደ ቀስት ተወጥሮ ይቀራል። በተወጠረ ግንድ ላይ ሁለት ወገን አለ፤ አንደኛው ወገን የተሳበ፣ ሁለተኛው ወገን የተጨቈነ ነው። የተሳበው ወገን በድንገት ሲቈረጥ ቃጫው ተሰንጥቆ ግንዱ በሰው ፊት ይፈናጠራል፤ የተጨቈነው ወገን በጥልቅ ሲቈረጥ ደግሞ ስንጥቁ ተገጥሞ መጋዙን ነክሶ ያስቀራል።

ይህን ለመለየት የሚከተለው ምሳሌ ይበቃል። ግንዱ በሁለቱም ጫፍ ተደግፎ መካከሉ ወደ ታች ቢሰረጕድ፣ የተጨቈነው ላዩ፣ የተሳበው ሥሩ ነው። ግንዱ በአንድ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው ጫፍ በአየር ላይ ቢንጠለጠል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተሳበው ላዩ፣ የተጨቈነው ሥሩ ይሆናል። ሕጉም እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ የተጨቈነውን ወገን እስከ ግንዱ ውፍረት ሲሶ ድረስ ብቻ መቍረጥ፤ ቀጥሎ ከተሳበው ወገን በዝግታ ቈርጦ ማገናኘት። ግንዱ ወደ ጎን የጐበጠ ከሆነ ሠራተኛው በጐበጠው ውስጠኛ ወገን ይቁም እንጂ በውጭኛው ወገን ከቶ አይቁም፤ ግንዱ ሲለቀቅ የሚፈናጠረው ወደ ውጭ ነውና።

በትልቁ ግንድ ሥር ተቀብሮ የጐበጠ ቀጭን አጣና ከትልቁ ይልቅ ያሰጋል። ቀጭን በመሆኑ ይናቃል፤ ሲለቀቅ ግን መንጋጋ የሚሰብር ኀይል አለው። እንዲህ ያለው በአንድ ምት አይቈረጥም፤ ከጐበጠው ውስጠኛ ወገን ጥቂት በጥቂት እየተላገ ኀይሉ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። በእጁ መጥረቢያ ብቻ ያለው ሠራተኛ ግንዱ መሬት ላይ ተኝቶ የተደላደለበትን ስፍራ መርጦ መቍረጥ፣ የተንጠለጠለውን ክፍል ግን በእንጨት አስደግፎ ለሠለጠነ ሰው መተው ይገባዋል።

ክብደቱም አይናቅ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ወደ 10 ኩንታል ይመዝናል። ውፍረቱ በመካከሉ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ግንድ 7 ኩንታል ያህል ይሆናል ማለት ነው። ሰባት ኩንታል ጤፍ ከመኪና ላይ በሰው እግር ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግ መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በተዳፋት ስፍራ ሠራተኛው ሁልጊዜ ከግንዱ በላይ በኩል ይቁም፤ ግንዱም እንዳይንከባለል በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ይያዝ።

5ኛ፤ ስለ ተነቀለ ሥርና ስለ ተንጠለጠለ ዛፍ

ከነሥሩ ተነቅሎ የወደቀ ዛፍ በግርጌው አፈር የያዘ ትልቅ የሥር ግድግዳ ያቆማል። ይህን ግድግዳ ይዞት ያለው የግንዱ ክብደት ነው። ግንዱ በተቈረጠ ጊዜ ግድግዳው ተመልሶ ወደ ጕድጓዱ ሊወድቅ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ፊት ይደፋል። በጕድጓዱ ውስጥ ወይም ከግድግዳው ኋላ ልጅ፣ ከብት ወይም ሠራተኛ ቢኖር ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። በመሆኑም ከመቍረጥ በፊት ከጕድጓዱ ሰው መራቁን በዐይን ማረጋገጥ፣ ሥሩንም በገመድ ማሰር፣ ግንዱንም ከሥሩ አጠገብ ሳይሆን ረዘም ያለ ጉቶ ትቶ መቍረጥ ያስፈልጋል። በተለይ ሕፃናት ማገዶና ጭራሮ ለመልቀም ወዲያው ስለሚሰበሰቡ አንድ ሰው እነርሱን ለመጠበቅ ብቻ ይመደብ።

በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ ከሁሉ የከፋ ነው። ከሥሩ ገብቶ መቍረጥ፣ የደገፈውን ዛፍ መቍረጥ፣ ወይም በላዩ ሌላ ዛፍ ጥሎ ለማውረድ መሞከር ሦስቱም የሞት መንገዶች ናቸው። ስፍራውን አጥሮ፣ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ሰውን አርቆ፣ ሙያ ያለውን ሰው መጥራት ይሻላል።

6ኛ፤ ስለ መሣሪያና ስለ ሠራተኛ

የሞተር መጋዝ ሥራን ያፋጥናል፤ ላልለመደው እጅ ግን አይሰጥም። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት የጫፉ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ በድንገት ወደ ሠራተኛው ፊት ይመለሳል፤ ይህ እጅግ ፈጣን በመሆኑ በጕልበት ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ በጫፉ አይቈረጥም፤ መጋዙ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ከትከሻ በላይ አይነሣም፤ በመሰላል ወይም በግንድ ላይ ቆሞ አይሠራበትም። ሲነሣም መሬት ላይ ተደላድሎ፣ የሰንሰለቱ ማቆሚያ ተይዞ ይነሣ። ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው፤ ከተጨመረበት ስፍራም ሦስት ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ማስነሣት ይገባል።

የሚሠራው ሰው የራስ መከላከያ ቆብ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ያድርግ፤ በሞተር መጋዝ የሚቈርጥ ደግሞ ሰንሰለት የሚያቆም የእግር መከላከያ ይልበስ። ማንም ብቻውን አይሥራ፤ አንዱ ሲቈርጥ ሌላው ከሩቅ ሆኖ ይመልከት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም የሚያፈገፍጉበት መንገድ ከቅርንጫፍ ይጠረግ፤ «ቁም» የሚያሰኝ አንድ ቃልና አንድ የእጅ ምልክትም ይወሰን። በአካባቢያችን አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች አብረው ስለሚሠሩ ምልክቱ ሁሉም የተስማሙበት መሆን አለበት።

ዛፉን በአይሱዙ ወይም በሌላ መኪና መጐተት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ወይም የብረት ሽቦው ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይገርፋል። በሚጐተትበት ጊዜ በገመዱ አጠገብና በአቅጣጫው ሰው አይቁም፤ አሮጌና የተቋጠረ ገመድም አይታሰብ።

ለአሠሪው ነጋዴ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በማለዳ ከመንገድ ዳር በጥቂት ብር የተጠራ የቀን ሠራተኛ «አልችልም» ብሎ እንጀራውን አይመልስም፤ ስለዚህ አይቻልም ማለት የሚገባው አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህንም ከሕግ በፊት ኅሊና ያዛል። በመዝገብ ላይ ስንጽፈው የአንድ ቀን የሱቅ መዘጋት በአንድ መስመር የሚያልቅ ኪሣራ ነው፤ ግንድ የተጫነው የአንድ አባወራ ወጪ ግን በማንም መዝገብ ተደምሮ አይዘጋም።

7ኛ፤ ስለ ሒሳቡና ስለ እንጨቱ

ዛፉ ሳይነሣ ጉዳቱን በፎቶግራፍ ማስቀረት፣ የወደቀበትን ቀንና ሰዓት፣ የተጎዳውን ዕቃና የአጥሩን ርዝመት መጻፍ ያስፈልጋል። የመድን ውል ያለው ነጋዴ ውሉ የነፋስንና የበረዶን ጉዳት መሸፈኑን ይመልከት፤ ከሸፈነም በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለመድን ድርጅቱ ያስታውቅ። ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ከመቍረጥ በፊት ባለቤቱን መጥራትና እንጨቱ የማን እንደሚሆን በምስክር ፊት መነጋገር ብዙ ክስ ያስቀራል።

የወደቀው ባሕር ዛፍም ከንቱ አይደለም። ቀጥ ያለው በአጣናነትና በቋሚነት፣ ወፍራሙ በጣውላነት፣ የቀረው በፍልጥነትና በጭራሮነት ይሸጣል። በችኮላ በየስፍራው የተቈራረጠ ግንድ ግን ለማገዶ ብቻ ይቀራል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ከጫፉ ጀምሮ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ለጣውላ የታሰበው ከሚፈለገው ልክ ጥቂት ረዝሞ ተቈርጦ በጥላ ሥር ቢቀመጥ ዋጋው ይጠበቃል። እነሆ፣ ጥንቃቄ ሰውን ብቻ ሳይሆን ንግዱንም ይጠቅማል።

8ኛ፤ ከዝናብ በፊት ስለሚሠራ ሥራ

ከሁሉ የሚሻለው ዛፉ ሳይወድቅ መከላከል ነው። ከሰኔ በፊት እያንዳንዱ ነጋዴ በሱቁና በመጋዘኑ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች ይመርምር። አዲስ ያዘነበለ፣ በግርጌው አፈር የተሰነጠቀ፣ ግንዱ የተቦረቦረ፣ ሥሩ በቍፋሮ የተቈረጠ ወይም በአንድ ጉቶ ላይ ብዙ ሆኖ የበቀለ ዛፍ ቢያገኝ በበጋ፣ በደረቅ መሬትና በጸጥታ ቀን በባለሙያ ያስቈርጠው። በሽቦ አጠገብ ያለውን ግን ራሱ አይንካ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክት። በአንድ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ተባብረው አንድ የሠለጠነ ቈራጭ አስቀድመው ቢያውቁ፣ የመከላከያ ልብስና ደኅና ገመድም በጋራ ገዝተው ቢያስቀምጡ የየራሳቸው መዋጮ እጅግ አነስተኛ ይሆናል። በየመንደሩ ዕድርን አደራጅቶ ለቀብር ድንኳንና ወንበር ያዘጋጀ ሕዝብ፣ ቀብርን ለሚያስቀር ዕቃ መተባበር አያቅተውም።

እንግዲህ የትምህርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ነፋሱ እስኪቆም መጠበቅ፤ ሽቦ ካለ አለመንካት፤ ወደ ላይ ማየት፤ የተሳበውንና የተጨቈነውን ወገን መለየት፤ ከሥሩ ግድግዳ መራቅ፤ ብቻ አለመሥራት፤ ያልሠለጠነን ሰው ለዚህ ሥራ አለማዘዝ። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። ከከረጢት የፈሰሰ እህል በእርግጥ ይለቀማል፤ የፈሰሰ የሰው ደም ግን አይለቀምም። መንገዱ በጧት ፈንታ ከቀትር በኋላ ቢከፈት ቡናው ይደርሳል፣ ሱቁም ይከፈታል፤ ዋናው ነገር መጥረቢያ ይዞ የወጣው ሠራተኛ ማታ በእግሩ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።